ሁለተኛው ምት

ሟቹ ጠባቡ ኮሪደር ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከመርዘሙ የተነሳ እግሮቹ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቀርተው ጭንቅላቱ ሳሎን ደርሷል። ከቀኝ እጁ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ክንድ የሚያክል ፌሮ ወድቋል። ግድግዳው ሥር ደግሞ ጫፉን ደም የነካው ካውያ አለ።

የቤቱ ባለቤት ልብስ ከምትተኩስበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። መዳፎቿን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አኑራቸዋለች፤ የሰው ዕቃ በአደራ የያዘች ትመስላለች። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታለች፤ ጡረታ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ሰዉ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አለች፣ መርማሪው ገና ደፉን ሲረግጥ። «አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

መርማሪው አልቸኮለም። ጣቢያ ውስጥ ባልደረቦቹ «ቆይ እስቲ» የሚል ቅጽል አውጥተውለታል፤ ሰው ሲቸኩልበት ከአፉ የምትወጣው ቃል እሷ ናት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሳጅኑ ከኋላው ቆሞ ማስታወሻውን ከፈተ።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ ሲስተር።»

«ሐሙስ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄጄ አዳዲሶቹን አዋላጆች አስተምራለሁ። ከሰባት ሰዓት በፊት አልመለስም። ዛሬ መብራት ጠፍቶ ትምህርቱ ቀረ። አራት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ‹ማነው?› አልኩ። እሱ ወጣ።»

«ምን አለ?»

«ምንም። እኔን ሲያይ ደነገጠ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ እኔ እዚች ጋ ቆሜያለሁ። ፌሮውን አነሳ። እጄ ካውያው ላይ አረፈ። መታሁት።»

«ምኑ ላይ?»

«እዚህ።» ግራ ጆሮ ግንዷን በጣቷ ነካች። «ወደቀ። ትንፋሹን አየሁ፣ የልብ ምቱን ያዝኩ፤ ደህና ነው። በጎኑ አስተኛሁት። ፎጣ አጣጥፌ ከጭንቅላቱ ሥር አደረግሁለት። ቁስሉን በፋሻ አሰርኩት። አምቡላንስ ጋ ስደውል አርባ ደቂቃ ይፈጃል አሉኝ። አርባ ደቂቃ አይጠበቅም ብዬ ጎረቤቴ ጋ ሮጥኩ። ፒክአፕ አለው።»

«ከዚያስ?»

«ወዲያው አብሮኝ መጣ። ‹እኔ እጠብቀዋለሁ፤ አንቺ ወፍጮ ቤት ሄደሽ ሹፌሩን የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ይምጣ በይው› አለኝ። ሄድኩ። ከሹፌሩ ጋር ስመለስ ሞቷል።»

መርማሪው ዞር ብሎ አስከሬኑን አየ። ሰውየው በጀርባው ነው እንጂ በጎኑ አይደለም። ፎጣው ኮሪደሩ ጥግ ተጠቅልሎ ወድቋል። ጭንቅላቱ ላይ ፋሻ የለም።

«ፋሻው የት አለ፣ ሲስተር?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። ከወንበሯ ሳትነሳ የሟቹን ጭንቅላት አየች።

«አስሬው ነበር» አለች በቀስታ።

«ድንጋጤ ነው፣ ጌታዬ።»

ድምፁ የመጣው ከበሩ ነው። ጎረቤቷ ባለወፍጮው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሽበቱ ያማረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ አስታርቅ ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። «እኔ ስገባ ነፍሱ ወጥታ ነበር። ፋሻም አላየሁም። አትፍረዱባት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቁስል ስታስር ኖራ፣ ዛሬም ያሰረች መስሏት ነው።»

«እርስዎ አስከሬኑን ነክተውታል?»

«ምን ሊያደርግልኝ? በሩ ላይ ቆሜ ነው የጠበቅኋት። ደግሞስ ምን የሚያጨቃጭቅ ነገር አለው? ቤት የገባ ሌባ ደሙ ደመ ከልብ ነው።»

«እንዲህ የሚል ሕግ እንኳ የለም፣ ጋሼ» አለ መርማሪው። ተነስቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

አልጋው ሥር የነበረ የእንጨት ሳጥን ተጎትቶ ወጥቷል። ጓጉንቸሩ በፌሮ ተገንጥሏል። ወለሉ ላይ ብዙ አሮጌ ደብተር ተበትኗል። ከመስታወቱ ፊት የወርቅ ጉትቻና የእጅ ሰዓት እንደተቀመጡ ናቸው።

ሳጅኑ ከጓሮ በኩል ተመለሰ። «የጓሮው በር ተከፍቷል፤ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ረስተውት ይሆናል።»

«ቆልፌው ነው የሄድኩት» አለች ሲስተር ከሳሎን። በዚያች ሰዓት ግን ማንም ከልቡ አልሰማትም።

*

ሲስተር ሌሊቱን ጣቢያው ማረፊያ ክፍል አደረች። አርብ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም ደወለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ንግግሯ አጭር።

«ሁለት ናቸው» አለች።

«ምኑ?»

«ምቱ። ሁለቱም በዚያው ካውያ፣ ሁለቱም በግራ በኩል። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ከቆመ ሰው የመጣ ነው። ቆዳውን ቀዷል፣ አጥንቱን ሰንጥቋል። ሁለተኛው ጥቂት ወደ ኋላ ነው፤ ከላይ ወደ ታች። ያን ጊዜ ሰውየው ተኝቷል። የገደለው ሁለተኛው ነው።»

«በመጀመሪያው ብቻ ይተርፍ ነበር?»

«ሐኪም ቤት ቢደርስ፣ አዎ። በራስ ምታት እያጉረመረመ ይኖር ነበር።»

መርማሪው ስልኩን ዘጋ። ሳጅኑ የሰማውን ሰምቶ ፊቱ ጠቁሯል። ሳጅኑን ራሱን ሲወለድ የተቀበለችው ሲስተር ናት፤ እናቱ በልደቱ ቀን ሁሉ ያነሱታል።

«ቤቷ ነው እኮ» አለ ሳጅኑ። «እሷ ናት የሰው ቤት የገባችው? ሰው በገዛ ቤቱ ምን ያድርግ?»

«ፌሮ ያነሳ ሰው ፊቷ ቆሞባታል። ዞራ ብትሮጥ ይደርስባታል። የመጀመሪያውን ምት የትኛውም ዳኛ ይቀበልላታል፤ እኔም እቀበልላታለሁ። ግን ሰውየው ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ምኑን ነው የምትከላከለው?»

«ፈርታ ቢሆንስ? ሊነሳ መስሏት?»

«ፈርታ ሮጣ ብትወጣ ኖሮ ይገባኛል። ፈርታ ቆማ ደግማ ብትመታውም ዳኛው ያዝንላት ይሆናል። ነገር ግን መብቱ ያለው ከጥቃቱ ጋር ነው። ጥቃቱ ሲቆም እሱም ይቆማል። በገዛ ቤትህ መሆንህ እንድትከላከል ይፈቅድልሃል እንጂ የፈለግኸውን ያህል ምታ አይልህም።»

ሳጅኑ ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ነፍሰ ገዳይ ልንላት ነው?»

«ቆይ እስቲ» አለ መርማሪው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አቧራ የለበሰ ጎልማሳ እየሮጠ ጣቢያው ገባ። የሲስተር የእህት ልጅ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር፣ እሷ ያሳደገችው። ከመንገድ ሰምቶ ነው የመጣው። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። አክስቴን ፍቱ።»

«ተቀመጥ» አለ መርማሪው። «በምን መታኸው?»

«በካውያ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት… አራት። ተናድጄ ነበር።»

«ሲወድቅ ጭንቅላቱ ወዴት ነበር?»

ጎልማሳው ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተከለ። «ወደ… መኝታ ቤት።»

«ትናንት አራት ሰዓት ላይ የጫንከውን ጭነት የት እያራገፍክ ነበር?»

ጎልማሳው አንገቱን ደፋ። ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሚንቶ ሲያራግፍ ዘጠኝ ሰው አይቶታል።

«እሷ ሰው አትገድልም» አለ በመጨረሻ። «ጉንዳን እንኳ በመጥረጊያ ገፋ አድርጋ ነው የምታሳልፈው። ገደለች ከምትሉ እኔ ገደልኩ ብትሉ ይሻላል ብዬ ነው።»

«እንዳንተ ያለ ስንት ደግ ሰው የምርመራ መዝገብ አበላሽቶብኛል» አለ መርማሪው፤ ግን አልተቆጣውም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የቤቱ ቁልፍ እነማን ጋ ነው ያለው?»

«እሷ ጋ፣ እኔ ጋ። አንድ ደግሞ ጎረቤት ባለወፍጮው ጋ። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ እሳት ቢነሳ ብላ ሰጥታዋለች።»

ያን ዕለት ከሰዓት ባለወፍጮው ራሱ ጣቢያ መጣ። መቶ አርባ ሰው የፈረመበት ማመልከቻ ይዟል፤ ሲስተር ያለ ጥፋቷ ታስራለችና ትፈታ የሚል። ፊርማ ሲለቅም ያደረው እሱ ነው። መርማሪው ተቀብሎ አመሰገነው። ወረቀቱን ግን ገልብጦ አስቀመጠው።

*

ሲስተር በማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከትናንት ጀምሮ የቀመሰችው ሻይ ብቻ ነው።

«ሁለት ጊዜ ተመቷል» አላት መርማሪው።

መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው።

«እኔ አንድ ጊዜ ነው የማስታውሰው» አለች ቀስ ብላ። «ግን ትናንት እንዲያ ሲባል ሰማሁ፤ ያሰርሽ መስሎሽ ነው ሲባል። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት። ምናልባት እጄ የለመደውን ነው የማስታውሰው ይሆናል። ምናልባት ደግሜ መትቼው ይሆናል። ሰው ራሱን የሚያምነው እስከ ምን ድረስ ነው?»

«ፋሻውን እንዴት አሰሩት?»

«እንዴት ማለት?»

«ያሳዩኝ። እኔ ላይ።»

ፋሻና ጥጥ ተገዝቶ መጣ። ሲስተር ተነሳች። እጆቿ ጭንቅላቱን እንደነኩ ሥራቸውን ጀመሩ። ጥጡን ግራ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈች፣ ፋሻውን በግንባሩ አዙራ፣ በማጅራቱ በኩል መልሳ፣ ሁለቴ ደራርባ፣ ጫፉን ከጆሮው ኋላ ሸጎጠችው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም።

መርማሪው ፋሻው እንደታሰረ ወጥቶ ስልኩን አነሳ። ሳጅኑ ሳቁን አፍኖ ግድግዳ ግድግዳውን አየ።

«ሐኪሟን ነበር» አለ መርማሪው፤ ሐኪሟ ስልኩን ስትቀበል ቀጠለ። «አንድ ውለታ ልለምንሽ። ሁለተኛው ቁስል ውስጥ፣ አጥንቱ የተሰበረበት ቦታ፣ በማጉያ እዪልኝ። ክር ካለ።»

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለች።

«አለ» አለች። «ነጭ የጥጥ ክር። የፋሻ ነው። በምቱ ኃይል አጥንቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። ከየት አወቅህ?»

«ከአንድ አዋላጅ እጅ።»

ሁለተኛው ምት ያረፈው ፋሻ ላይ ነው። ሰውየው ሲመታ ታስሮለት ነበር። የገደለው ሰው ከዚያ በኋላ ፋሻውን ፈትቶ ወስዷል። ሲስተር ራሷ አስራ፣ ራሷ ደግማ መትታ፣ ራሷ ፈትታ ደብቃ፣ ተመልሳ ደግሞ «አስሬው ነበር» ትል ዘንድ ምን ምክንያት አላት?

*

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪው ሲስተርን ወደ ቤቷ ወሰዳት። ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ ደብተሮቹን በየዓመታቸው ደረደረቻቸው። ያዋለደቻቸውን ሕፃናት ሁሉ የመዘገበችባቸው ናቸው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ክብደቱ፣ የእናት ስም፣ እናቲቱን ይዞ የመጣው ሰው ስምና ፊርማ። የጤና ጣቢያው መዝገብ በጎርፍ ከጠፋ ወዲህ ከእነዚህ ሌላ ማስረጃ የለም።

ሠላሳ ስምንት መሆን ነበረባቸው። ሠላሳ ሰባት ሆኑ።

«የትኛው ነው የጎደለው?»

«የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመቱ።» እጇን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። «ሰኞ ፍርድ ቤት ይዤው ልቀርብ የነበረው።»

«ፍርድ ቤት?»

«አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ከሁለት ሳምንት በፊት መጣች። እናቷ ሞታለች። አባቷን ከሳለች፤ ልጄ አይደለችም ብሎ ምሏል አለችኝ። ልደቷ በደብተሬ ካለ መጥተሽ ትመሰክሪልኛለሽ ወይ አለች። እሺ አልኳት።»

«አባትየው ማነው?»

«አልነገረችኝም። ‹ደብተሩ ራሱ ይናገር፣ እማማ፤ አሁን ስሙን ብነግርሽ ትቸገሪያለሽ› አለችኝ። እኔም አልገፋሁም። ደብተሩንም አልከፈትኩትም፤ ሰኞ እዚያው ይከፈት ብዬ። በዓመት ስንት መቶ ልጅ ነበር የምቀበለው፤ ማን ማንን ይዞ እንደመጣ በየት አስታውሳለሁ?»

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው ሁለት የስፌት መኪና በሚይዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መርማሪው ሲገባ የጀመረችውን ስፌት እስከ ጫፉ ሳትጨርስ ቀና አላለችም። ከዚያ መርፌውን አነሳችና የአባቷን ስም ነገረችው።

«ሲስተር የምትመሰክር መሆኗን የሚያውቅ አለ?»

«ዳኛው። እኔ። እሱ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «የምስክሮች ዝርዝር ለተከሳሽ ይሰጣል። ባለፈው ሳምንት ደርሶታል።»

«ለምን ለሲስተር ስሙን ሸሸግሻት?»

«ጎረቤቷ ነዋ። አጥር ለአጥር ናቸው። እሱን የሚያከብረው ብዙ ነው። ሰው ካወቀ አስታርቃለሁ ይላል፤ አስታርቃለሁ ያለ ደግሞ ለእሱ ነው የሚያደላው።»

ሳጅኑም እስከዚያ የሟቹን ማንነት አጣርቶ መጣ። ከመርዘሙ የተነሳ «መሰላል» ይሉታል። ጡብ ፋብሪካ የምትሠራ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። በሌብነት ተከሶ አያውቅም። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ በባለወፍጮው ዘንድ ጆንያ ተሸካሚ ነበር።

የቀረው ሹፌሩ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ትርፍ ጎማ ሲያስነፋ አገኙት።

«ሐሙስ ዕለት ሲስተር ምን አለችህ?»

«‹ቁልፍ ይዘህ ና ብሎሃል› አለችኝ። ግራ ገባኝ። ቁልፍ እኔ ጋ ኖሮ አያውቅም። ጠዋት ሲሰጠኝ እነዳለሁ፣ ሳቆም ይቀበለኛል። ግን ሴትዮዋ ሁኔታዋ አስፈራኝ፤ ሳልጠይቃት ባዶ እጄን ተከትያት ሮጥኩ።»

«ይህንን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

*

ወፍጮው እየጮኸ ነበር። ባለወፍጮው መርማሪውንና ሳጅኑን ሲያይ እጁን አነሳና ማሽኑን አስጠፋ። ጸጥታው ጆሮ ላይ ከበደ። ሁለቱ ሠራተኞች ጆንያቸውን ትተው ወጡ።

«ፈታችኋት?» አለ።

«እየፈታናት ነው። አንድ ነገር ያስቸግረናል፤ ፒክአፕዎ በሩን ዘግቶብናል። መኪናችን እንዲገባ ገለል ያደርጉልን?»

«ምን ችግር አለው» ብሎ የሰደርያውን የደረት ኪስ ፈታ። ቁልፉን አወጣ።

«ሁልጊዜ እዚያ ኪስ ውስጥ ነው የሚይዙት?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ። ሰው ላይ ጥዬው አላውቅም።»

«ሐሙስ ዕለትስ?»

ባለወፍጮው ቁልፉን አየ። ጣቶቹ ተጨበጡበት።

«ሐሙስ ዕለት የቆሰለ ሰው ወድቋል። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው፤ መኪናው ደጅዎ ላይ ቆሟል። እርስዎ ግን ሲስተርን ወፍጮ ቤት ድረስ ሰደዷት። ለምን?»

«ተደናግጬ…»

«ልብስ ሰፊዋን አነጋግረናታል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። የተቀመጠበት ጆንያ ትንሽ ዱቄት አጨሰ።

«ሰው ልግደል ብዬ አልተነሳሁም» አለ። «ደብተሩን ብቻ ነው። ለመሰላል የጓሮውን ቁልፍ ሰጠሁት። ሰባት ሰዓት ሳይሆን ማንም አይመጣም፣ ሳጥኑን ስበርና አንዱን ደብተር አምጣልኝ አልኩት። ሌላ ነገር እንዳይነካ አስማልኩት።»

«ደብተሩ ላይ ፊርማዎ አለ።»

«እናቷን በዚያ ሌሊት ተሸክሜ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሲስተር ‹አባት ነህ?› ስትለኝ አዎ ብዬ ፈረምኩ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የሲስተር ጎረቤትም አልነበርኩም፤ ሚስቴ ዘመድ ልትጠይቅ ርቃ ሄዳ ነበር። ኋላ ግን ሰው ሆንኩ። ሰው የሚያከብረኝ ሆንኩ። ባለፈው ወር ዳኛ ፊት እጄን አንስቼ ሴትዮዋን አላውቃትም ብዬ ማልኩ። ልጆቼ ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ሰኞ ደብተሩ ቢከፈት ምን ፊት ይኖረኛል?»

«ሐሙስ ሲስተር መጥታ ስትጠራዎትስ?»

«ስገባ ተኝቷል፤ ጭንቅላቱ ታስሯል። ደብተሩ ሸሚዙ ውስጥ ነበር። እሷን ላክኋትና እሱንም የጓሮውን ቁልፍም ወሰድኩ። ያኔ ዓይኑን ገለጠ። ‹ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ› አለኝ። ‹ማን ላከህ ካሉኝ ምን ልበል?› አለ።»

ባለወፍጮው የጉልበቱን ዱቄት አራገፈና ቀጠለ።

«እየዛተብኝ አልነበረም። እየጠየቀኝ ነበር። ምን እንደምል ንገረኝ ማለቱ ነበር። ካውያውን በፎጣው ያዝኩት።»

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ።

«ፋሻውንስ?»

«ደም ጠጥቶ፣ ተጨፍልቆ ነበር። ቢታይ ከታሰረ በኋላ መመታቱ ይታወቃል ብዬ ፈታሁት። በጀርባው ገለበጥኩት። በእሷ ላይ ክፉ አላሰብኩም፤ እውነቴን ነው። ነፃ ትወጣለች ብዬ ነው። ቤት የገባ ሌባ ስንት ጊዜ ተመታ ብሎ የሚቆጥር ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሕጉ ይቆጥራል» አለ መርማሪው። «እርስዎን ያጋለጠዎትም ቆጠራው ነው።»

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበት በርሜል ውስጥ የደብተሩ ፕላስቲክ ሽፋን ግማሹ ሳይቃጠል ተገኘ። ፋሻው አመድ ሆኗል። ባለወፍጮው በሁለት ሠራተኞቹ ፊት አልፎ ወጣ። አንደኛው ከልማዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው፤ ከዚያ የሚያደርገው ጠፍቶት ቀና አለ።

*

ዐቃቤ ሕጉ የሲስተርን መዝገብ በአንድ ገጽ ዘጋው። የመጀመሪያው ምት ሕጋዊ መከላከል ነው፤ ጥቃቱ በእርግጥ ተጀምሯል፣ ሌላ መውጫ አልነበራትም፣ በእጇ የገባውን ተጠቅማለች፣ ሰውየው ሲወድቅ አቁማለች። ሰኞ ዕለት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ደብተር አላስፈለጋትም። ባለወፍጮው ከእስር ቤት መጥቶ አባትነቱን አመነ። ወደ እሷ ግን አልዞረም፤ እሷም አላየችውም።

ከሳምንት በኋላ የሟቹ ሚስት ጣቢያ መጣች። የባሏን ጫማና ቀበቶ ፈርማ ተቀበለች። ከዚያ አልሄደችም።

«የመታችው ሴትዮ ቤት ውሰዱኝ» አለች።

መርማሪው «ቆይ እስቲ» ሊል ነበር። ፊቷን አየና ተወው። ራሱ ወሰዳት።

ሲስተር በሩን ከፈተች። ማንነቷ ሲነገራት ወደ ኋላ አላለችም፤ ወንበር አቀረበችላት። መርማሪው በረንዳው ላይ ቀረ። በሩ ክፍት ስለሆነ የሚባባሉት ይሰማው ነበር።

«ሊገድልሽ ነበር?» አለች ሴትዮዋ።

«አላውቅም። ፌሮውን አንስቶ ነበር። ሊመታኝ ይሁን ሊያስፈራራኝ ይሁን አላውቅም። እስካውቅ ብጠብቅ ምናልባት ዛሬ እዚህ አልቀመጥም።»

«እሱ ሰው መትቶ አያውቅም።»

«እኔም መትቼ አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ልጄ። ያው ነገር እንደገና ቢሆን እመታለሁ።»

ሴትዮዋ ጫማውን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት። የተናገረው ነገር አለ?»

ሲስተር እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ሳስረው ነቃ» አለች። «እጄን ያዘኝ። ‹እናቴ፣ አትሂጂ› አለኝ። ‹መኪና ላመጣልህ ነው፣ አሁን መጣሁ› አልኩት። አልለቀቀኝም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅሁና ሄድኩ። ይህንን ለፖሊስ አልተናገርኩም። እነሱ ሲጠይቁኝ የሰነበቱት ስለመምታቴ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ትቼው መሄዴ ነው።»

በረንዳው ላይ መርማሪው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ውስጥ ወንበር ተንቀሳቀሰ። የሟቹ ሚስት ወደ ሲስተር ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

«ልጆቹ በየቀኑ ይጠይቁኛል» አለች። «ምን እንደምላቸው አጥቼ ነበር። አሁን አባታችሁ በወደቀ ጊዜ አንዲት ሴትዮ መኪና ፍለጋ እየሮጠች ነበር እላቸዋለሁ። ሌላውን ሲያድጉ ይሰሙታል።»